አሮጌው መልእክትና የእናትህ ቀጠሮ

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ጎንደር፣ ማራኪ ግቢ የ2ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ባለፈው ወር አንድ ረቡዕ ማታ ዶርም ሆኜ በቴሌግራም ግሩፕ «ከወረታ እስከ ማክሰኝት መንገዱ ተዘግቷል፣ ማንም እንዳይንቀሳቀስ» የሚል መልእክት መጣ። ተደርድረው የቆሙ መኪኖች ፎቶም አብሮት ነበር። እናቴ የምትኖረው አዲስ ዘመን ነው፤ በማግስቱ እዚህ ጎንደር የዐይን ቀጠሮ ነበራት። ወዲያው ደወልሁና «እማ፣ መንገዱ ተዘግቷል፣ እንዳትነሺ» አልኋት። መልእክቱንም ለአገር ልጆች ግሩፕ አስተላለፍሁት። ሐሙስ ዕለት ሚኒባሱ ሁሉ እንደ ወትሮው ሲመላለስ ዋለ። ለካ መልእክቱ ከዓመት በፊት የተጻፈ ነው። ለእናቴ ሌላ ቀጠሮ የተሰጣት ከ2 ወር በኋላ ሆነ፤ እሷ ግን አንዲት ቃል አልተናገረችኝም፣ የባሰብኝም እሱ ነው። በዚህ ላይ መምህራችን «ሚዲያ ስለ ወቅታዊ ጉዳይ ያለኝን አስተያየት እንዴት ይቀርጻል» በሚል ርዕስ የየራሳችንን ምልከታ በ4 ገጽ እንድንጽፍ አዞናል። ቴሌግራሜን ላጥፋው? ጽሑፉንስ ከየት ልጀምር?

ያፈረው ልጅ፣ ከጎንደር

መልስ፦ ወንድማችን፣ ከቀጠሮው እንጀምር። የመምህርህ ጽሑፍ ይደርሳል፤ የዐይን ነገር ግን አይዋል አይደር ነው። አንተ ያለኸው ጎንደር፣ ካርዱም ያለው ጎንደር። እናትህን ከአዲስ ዘመን ሳታስነሳ የካርድ ቁጥራቸውን ይዘህ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ቀጠሮ ወደሚሰጥበት መስኮት ሂድ። የትኛው ቀን እንደቀሩና ለምን እንደቀሩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገርና «የሚቀር ታካሚ ካለ በምትኩ ይግቡልን፤ በደወላችሁ በማግስቱ እናደርሳቸዋለን» በል። ስልክህንም አስመዝግብ። አይሆንም ቢሉህ በሳምንቱ ተመለስ። ወረፋ ፈቀቅ የሚለው በስልክ ለሚጠይቅ ሳይሆን ፊቱ ለተለመደ ሰው ነው። ስለ ዝምታቸው ወደ መጨረሻ እንመጣበታለን።

ቴሌግራምህን አታጥፋው። በ2015 ክረምት ማለቂያ ላይ በክልሉ የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ወራት ሲቆይ ወሬው አልተቋረጠም፤ በባጃጅ፣ በጀበና ቡና፣ በመደበኛ ስልክ ዞረ። ልዩነቱ ከአፍ የመጣ ወሬ ከየት እንደተነሣ የምታይበት መንገድ የሌለው መሆኑ ነው። ቴሌግራም ላይ የመጣ ወሬ ግን ዱካ አለው፤ አንተ ሳታየው ያለፍኸው ዱካውን ነው። ደግሞም መንገድ በእውነት የሚዘጋበት ቀን አለ፤ ያን ቀን ቀድሞ የሚነግርህ ያው ግሩፕ ሊሆን ይችላል።

እስቲ ያንን መልእክት መልሰህ ክፈተው። ከታች ጥግ ላይ ሰዓት አለው። ማታ 2:40 ነው እንበል፤ ስልክህ 8:40 ብሎ ነው የሚያሳይህ። ያ ሰዓት መልእክቱ የተጻፈበት አይደለም፣ ወደ እናንተ ግሩፕ የተላለፈበት ነው። የዓመት አሮጌ ነገር ዛሬ ቢተላለፍ የዛሬን ሰዓት ለብሶ ይመጣል። ስለዚህ ዐይንህ መሄድ ያለበት ወደ ታች ሳይሆን ወደ ላይ ነው፦ ከየትኛው ቻናል እንደተላለፈ የሚናገረው መስመር። የቻናሉን ስም ንካው። ቻናሉ ለሁሉም ክፍት ከሆነ ወደ መጀመሪያው ፖስት ይወስድሃል። እዚያ ጥቂት ወደ ላይ ሳብ ስታደርግ ቀኑ በመሐል ብቅ ይላል። አንድ ነገር ልብ በል፦ ቴሌግራም የተያዘውን የፈረንጅ ዓመት አይጽፍም፤ ወርና ቀን ብቻ ነው የሚያሳይህ። ከወርና ከቀኑ ቀጥሎ ዓመት ከተጻፈ መልእክቱ ያለፈው ዓመት ወይም ከዚያ በፊት የነበረ ነው። ይህን ለማየት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

የሚያስተላልፈው ሰው ጽሑፉን ቀድቶ ለጥፎት ከሆነ ያ መስመር የለም። እንዲህ ሲሆን ከጽሑፉ ለየት ያሉ 5 ወይም 6 ተከታታይ ቃላት ምረጥ፣ በጥቅስ ምልክት ከበህ ጉግል ላይ ፈልጋቸው። በአማርኛ ፍለጋ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ ለእኛ ጆሮ አንድ የሆኑት ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ፣ ሀ እና ሐ፣ አ እና ዐ ለማሽን የተለያዩ ፊደላት ናቸው። በጥቅስ ውስጥ «ጸጥታ» ብለህ ስትፈልግ «ፀጥታ» ተብሎ የተጻፈው ሊያመልጥህ ይችላል። ወይ እነዚህ ፊደላት የሌሉባቸውን ቃላት ምረጥ፣ ወይ በሁለቱም አጻጻፍ ሞክር። የእናትህ ከተማ ደግሞ የራሷ ጣጣ አላት፤ «አዲስ ዘመን» ብለህ ብትፈልግ ከ1933 ጀምሮ የሚታተመው ጋዜጣ ነው የሚጎርፍልህ። «ሊቦ ከምከም» የሚለውን የወረዳውን ስም ጨምርበት፤ ብዙው ይጠራልሃል።

ቀን ካገኘህ በኋላ እንኳ የማን አቆጣጠር እንደሆነ ጠይቅ። «ጎንደር 2016» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ቪዲዮ ቢመጣልህ በፈረንጅ 2016 ከሆነ በእኛ ሐምሌ 24 ቀን 2008 እዚሁ ከተማ የተደረገው ትልቅ ሰልፍ ሊሆን ይችላል፤ በእኛ 2016 ከሆነ ግን በፈረንጅ ከመስከረም 2023 እስከ መስከረም 2024 ያለው ጊዜ ነው። በሁለቱ መካከል ሰባት ዓመት አለ። ለጣፊው ሳይዋሽ፣ ተቀባዩም ሳይሳሳት ማንበብ እየቻለ፣ ሁለቱ ስለ ተለያየ ጊዜ ሊያወሩ ይችላሉ። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። ዋሽንግተን ያለ ሰው «ዛሬ ማታ» ብሎ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ሲጽፍ እዚህ ሌሊት 10 ወይም 11 ሰዓት ሆኗል፤ ልዩነቱ እንደ ወቅቱ 7 ወይም 8 ሰዓት ነው። «ማታ» ያለው የትኛውን ማታ ነው?

ፎቶውን ደግሞ ጋለሪ ላይ አስቀምጥና በጉግል ሌንስ አስፈልገው። ከማስፈለግህ በፊት በላዩ የተጻፈውን «ሰበር» ምናምን ቆርጠህ አውጣ፤ ካልቆረጥኸው ማሽኑ ጽሑፉን ይዞ ይሄዳል። የሚቀየር ነገር ሳይሆን የማይቀየር ነገር አስቀር፦ ተራራ፣ ድልድይ፣ ሕንፃ፣ የሱቅ ሰሌዳ። ቪዲዮ ከሆነ ከመጀመሪያው፣ ከመሐሉ፣ ሰሌዳ ከሚታይበት ቦታ 3 ወይም 4 ስክሪንሾት አንሣ። ቲንአይ የሚባለው ድረ ገጽ የጥንቱን አስቀድሞ የሚደረድርበት ምርጫ ስላለው ፎቶው መጀመሪያ የት እንደታየ ለማወቅ ይሻላል። አንድ ስህተት ግን አለ፣ ብዙ ጎበዝ ተማሪም ይወድቅበታል፦ «ምንም ውጤት አልመጣም» ማለት «ፎቶው አዲስ ነው» ማለት አይደለም። የዝግ ግሩፕ ፎቶ፣ የፌስቡክም አብዛኛው፣ እነዚህ መፈለጊያዎች ዘንድ አይደርስም። ከመልእክቱ ቀን የቀደመ ውጤት ካገኘህ ፎቶው አሮጌ እንደሆነ ታውቃለህ፤ ካላገኘህ ምንም አላወቅህም።

ማሽን የማይነግርህን ሣሩ ይነግርሃል። ነሐሴ ላይ ተነሣ የተባለ የጎንደር ፎቶ ውስጥ ኮረብታው ነጭ ሆኖ ደርቆ ከታየ ነገሩ ነሐሴ አይደለም። ጥር ተብሎ ኮረብታው አረንጓዴ፣ መንገዱም ጭቃ ከሆነ እሱም ያው ነው። የጥምቀት ሕዝብ በተለይ ለማታለል ይመቻል፤ ከሩቅ የተነሣ እንደሆነ የትኛውንም «ሰልፍ» ይመስላል። አጉልተህ እየው፦ ነጭ ነጠላ፣ የካህናት ጥላ፣ የፋሲለደስ መዋኛ ግንብና ድንጋዩን አቅፎ የወረደው የዛፍ ሥር ካለ ጥር 11 አካባቢ ነው። ሰሌዳዎችንም አንብብ። የኦሮሚያ ከተማ ሰሌዳ በላቲን ፊደል ይጽፋል። የትግራይ ሰሌዳ ግን የእኛው ፊደል ስለሆነ ከሩቅ አማርኛ ይመስላል፤ «ቤት ምግቢ» ወይም «ቤት ትምህርቲ» የሚል ካየህ አዲስ ዘመን አይደለህም።

ይህ ሁሉ ጥሩ ነው፤ ግን ለመንገድ ጉዳይ ከሁሉ የሚበልጠው ስልክ መደወል ነው። መናኸሪያ ያለ ተራ አስከባሪ፣ በዚያ መስመር የሚሠራ ረዳት ወይም ሾፌር፣ እንፍራንዝ ያለ ዘመድ፣ ወረታ ያለ የክፍል ጓደኛ። አጠያየቁ ላይ ተጠንቀቅ። «መንገዱ ተዘጋ አሉ፣ እውነት ነው?» ብለህ ከጠየቅህ ወሬውን ራስህ ዘራኸው፤ ሰውዬውም «እኔም ሰምቻለሁ» ይልሃል፣ የሰማው ደግሞ ካንተው ሊሆን ይችላል። «ከሰዓት በኋላ ከባሕር ዳር የመጣ መኪና በዐይንህ አየህ? በስንት ሰዓት?» ብለህ ጠይቅ። በዐይኑ ያየ አንድ ሰው ያንኑ መልእክት ካነበቡ አሥር ሰዎች ይበልጣል፤ አሥሩ ሲቆጠሩ አንድ ናቸውና። ሁለት ሰው፣ ተዘጋ ከተባለው ቦታ ወዲህና ወዲያ፣ ይበቃሃል።

ጊዜ አልነበረኝም እንዳትል። እናትህ የሚነሡት ንጋት 12 ሰዓት ላይ ከሆነ ከማታ 2:40 ጀምሮ ከ9 ሰዓት በላይ ነበረህ። ያን ማታ መባል የነበረበት «እንዳትነሺ» ሳይሆን «እማ፣ ስለ መንገዱ የሰማሁት ነገር አለ፤ እያጣራሁ ነው፣ ተዘጋጅተሽ እደሪ፣ 11 ሰዓት ላይ እደውልልሻለሁ» ነበር። ውሳኔን ለንጋት ማሳደር ምንም አያስከፍልም። ደውለህ ደውለህ አንድም ሰው ባታገኝ ግን ማስቀረትህ ትክክል ይሆን ነበር። ቀጠሮ ይተካል። ጥፋትህ እናትህን ማስቀረትህ ሳይሆን ሳታጣራ ማስቀረትህ ነው።

አሁን ወደ ጽሑፉ። መምህርህ የጠየቀው ስለ ራስህ ነው፤ «ሚዲያ ጥቅምም ጉዳትም አለው» ብሎ የሚጀምር ጽሑፍ ስለ ማንም አይናገርም። «አራተኛው የመንግሥት አካል» የሚለውንም ተወው፣ መምህራን ከሱ ብዛት ታመዋል። ለጽሑፍህ ማስረጃ ያስፈልግሃል፣ ማስረጃው ደግሞ አንተ ነህ። አንድ ደብተር ግዛ፣ ባለ 32 ሉክ ይበቃል፤ ለ9 ቀን ያዝ። በየገጹ ስድስት ዓምድ አስምር፦ የደረሰህ ሰዓት፣ ከየት እንደመጣ፣ በ10 ቃል ምን እንደሚል፣ ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆንህ ከ0 እስከ 10፣ በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ምን እንዳደረግህ። ስድስተኛውን ባዶ ተወው፤ ከ3 ቀን በኋላ ተመልሰህ ነገሩ ምን ሆኖ እንደተገኘ ትሞላዋለህ። ያየኸውን ሁሉ አትጻፍ፣ በሁለተኛው ቀን ይሰለችሃል። አንድ ነገር ያስደረገህን ብቻ ጻፍ፦ ያስደወለህን፣ ያስተላለፍኸውን፣ ከሰው ያከራከረህን፣ እንቅልፍ የነሣህን።

የሚበላሽባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። ማታ ተቀምጠህ ከትዝታ ከሞላኸው የሚተርፈው የሚያስደነግጠው ብቻ ነው፤ በደረሰህ በሩብ ሰዓት ውስጥ ጻፈው። የእርግጠኝነት ቁጥሩን ነገሩ ከተጣራ በኋላ እንዳትነካው፣ 9 ብለህ ከነበር 9 ይቅር፣ የጽሑፍህ ወርቁ እሱ ነው። የዶርም ጓደኛህ ከአልጋው ሆኖ የነገረህም ይጻፋል፤ እሱም ከአንድ ቻናል ነው ያመጣው። የመጀመሪያዎቹን 2 ቀናት ደግሞ ሒሳብ ውስጥ አታግባቸው። ደብተር እንደያዘ የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ ላይ ጨዋ ይሆናል፤ 9 ቀን ያልንህ 7 እንዲተርፍህ ነው።

በዘጠነኛው ቀን ሁለት ነገር ቁጠር። አንደኛ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሰማኸው ነገርና ከሦስት ቦታ የሰማኸው ነገር አማካይ የእርግጠኝነት ቁጥራቸው ስንት ነው? የሁለተኛው ከፍ ብሎ ካገኘኸው በፈረንጅ 1977 ሀሸር፣ ጎልድስታይንና ቶፒኖ የተባሉ ተመራማሪዎች ያዩትን በራስህ ላይ አየኸው፤ ሰው የተደጋገመለትን ነገር፣ እውነት ይሁንም አይሁንም፣ ይበልጥ እውነት አድርጎ ይወስደዋል። ሁለተኛ፣ በደብተሩ ያሉትን ጉዳዮች በርዕስ ለያቸው፤ ከጎኑ በዚያው ሳምንት ኑሮህን በእውነት የነኩትን ጻፍ፦ ውኃ፣ የካፌ ዋጋ፣ የታመመ ዘመድ፣ ፈተና። ሁለቱ ዝርዝሮች ምን ያህል ይገናኛሉ? ማኮምስና ሾው በ1968 የአሜሪካ ምርጫ ጊዜ ቻፕል ሂል በምትባል ከተማ ገና ያልወሰኑ 100 መራጮችን ጠይቀው በ1972 ያሳተሙት ጥናት የሚናገረው ይህንኑ ነው፤ ሰዎቹ ትልቅ ጉዳይ ያሏቸው ነገሮች ሚዲያው ትልቅ ቦታ ከሰጣቸው ጋር በጣም ተቀራረቡ። ሚዲያ አስተያየትህን ሳይነካ እንኳ ርዕስህን ሊመርጥልህ ይችላል ማለት ነው። መምህርህ በርዕሱ «ይቀርጻል» ያለው አንዱ ክፍል ይህ ነው።

ቀጥሎ አንድ ክስተት ምረጥና በሦስት ቦታ አንብበው፦ ለምሳሌ በአሚኮ፣ በሪፖርተርና በቢቢሲ አማርኛ። አንዱ የክልሉ፣ አንዱ የግል፣ አንዱ የውጭ አገር የሕዝብ ተቋም ነው፤ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ማወቅ የሚጠቅምህ «ይዋሻል» ለማለት ሳይሆን ምኑን ለመናገር እንደሚቸኩል፣ ምኑን እንደሚያዘገይ ለማየት ነው። እስኪርቢቶ ይዘህ ግሱን አስምርበት። «ገደለ»፣ «ተገደለ»፣ «ሕይወቱ አለፈ»፤ ሦስቱም አንድ ሬሳ ነው፣ ገዳዩ ግን በመጀመሪያው አለ፣ በሁለተኛው ተሸሸገ፣ በሦስተኛው ጭራሽ የለም። የሰዎቹን መጠሪያም ለይ፦ አንዱ «ታጣቂ» ያለውን ሌላው «ጽንፈኛ»፣ ሌላው «ታጋይ» ይለዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የአማርኛ ዜና የሚወዳትን ቃል ተከታተል፦ «ተገለጸ»። ማን ገለጸ? «ተባለ»፣ «ተጠቆመ»፣ «ታወቀ»፤ ተናጋሪ የሌለው ንግግር። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ስሙ ወይም መሥሪያ ቤቱ የተጠራ ተናጋሪ ካለ 1፣ ከሌለ 0 ብለህ በኅዳጉ ጻፍ። ሌላ መለኪያ ሳትጨምር በዚህች ብቻ ሦስቱን ማወዳደር ትችላለህ።

አራቱን ገጽ እንዲህ ብታካፍላቸው ይሻላል፦ ግማሽ ገጽ ያ ረቡዕ፣ አንድ ገጽ ተኩል ደብተሩና ቁጥሮቹ፣ አንድ ገጽ የሦስቱ ዜና ንጽጽር፣ የቀረው ገጽ ደግሞ «አሁንም የማላውቀው» ነው። የመጨረሻዋ ክፍል ላይ አትሳሳ። ዴቪሰን የተባለ ምሁር በ1983 እንደጻፈው ሰው ሚዲያ ከራሱ ይልቅ ሌላውን እንደሚያታልል ያምናል፤ አንባቢህም መጀመሪያ የሚያስበው «ይህ ልጅ የዋህ ነው፣ እኔስ አልታለልም» ነው፤ የማታውቀውን በግልጽ ስትናገር ግን ራሱንም ይጠይቃል። የግሩፑን አባላት ስም አታንሣ። የእናትህን ነገር ከመጻፍህ በፊት አስፈቅዳቸው።

ያስተላለፍኸውን ማረም ገና ይቀርሃል፣ ሳትፈልገው ትተኸዋል መሰለን። ዝም ብለህ ብታጠፋው ያነበበው ሰው እንዳመነ ይቀራል። ቴሌግራም የራስህን ጽሑፍ ለማስተካከል የሚፈቅድልህ 48 ሰዓት ነው፤ እሱ አልፏል፣ ያስተላለፍኸው የሰው ጽሑፍም ቀድሞውኑ አይስተካከልም። ስለዚህ በዚያው መልእክት ላይ ሪፕላይ አድርገህ ጻፍ፦ «ይህን ረቡዕ ማታ ያስተላለፍሁት እኔ ነኝ። መልእክቱ ካለፈው ዓመት ነው። ሐሙስ ዕለት መኪና ሲመላለስ ውሏል። ሳላጣራ ስለላክሁ ይቅርታ።» አራት መስመር። ፎቶውን ደግመህ አትለጥፍ፤ ማረሚያውን ሳያነብ ፎቶውን ብቻ የሚያይ አይጠፋም። አንድ ሁለት ቀን ቆይተህ ዋናውን ማጥፋት ትችላለህ።

ሕግ ፊት የሚያስፈራህ ነገር ካለ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 በሐሰተኛ መረጃ ስርጭት የሚቀጣው ሐሰት መሆኑን እያወቀ ወይም ማወቅ ሲገባው ሁከት ወይም ግጭት የመቀስቀስ ዕድሉ ከፍተኛ የሆነ ነገር ያሰራጨን ሰው ነው። ቅጣቱ እስከ 1 ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 50 ሺህ ብር ነው፤ ከ5 ሺህ በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከሆነ እስከ 3 ዓመት ወይም እስከ 100 ሺህ ብር ይደርሳል። ያንተ ነገር እዚያ የሚደርስ አይመስለንም። ግን «እኔ አልጻፍሁትም፣ ሼር ብቻ ነው ያደረግሁት» የሚለው እንደማያስመልጥ እወቅ፤ አዋጁ ከማሰራጨት ውጭ ያደረገው ላይክና ታግን ነው።

እንደ ኢትዮጵያ ቼክና ሐቅ ቼክ ያሉ መረጃ አጣሪዎችን መከተልም አይከፋም፤ እንዴት እንዳጣሩ ደረጃ በደረጃ ስለሚያሳዩ ትማርበታለህ። ለዛሬ ማታ መንገድ ግን አይደርሱልህም። ለእሱ ያለህ ተራ አስከባሪው ነው።

ወደ እናትህ እንመለስ። ዝም ያሉት ምናልባት ስላልተቀየሙ ነው፤ ልጄ አስቦልኝ ነው ብለው ሊሆን ይችላል። አንተ ግን ንገራቸው፣ በስልክ ሳይሆን ቅዳሜ አዲስ ዘመን ወርደህ። «መልእክቱ አሮጌ ነበር፣ ሳላጣራ ነው የነገርሁሽ» በል፤ ሰበብ አትደርድር።

ከዚያ ስለ አንዲት ቃል ተስማሙ። እናትህ ገበያ ውለው ሲመጡ «ጤፍ ጨመረ አሉ»፣ «እገሌ ታመመ አሉ» ይላሉ እንጂ ያላዩትን እንዳዩ አድርገው አይናገሩም፤ «አሉ» ማለት እኔ አልነበርሁበትም ማለት ነው። አንተ ያን ማታ ስትደውል «መንገዱ ተዘግቷል» ነው ያልኸው። «ተዘጋ አሉ» ብለህ ቢሆን እሳቸው ራሳቸው ጎረቤት ካለ ሾፌር ይጠይቁ ነበር። ፎርዋርድ መጀመሪያ የሚበላው ያችን «አሉ» ነው፤ መልሰህ መትከል ያለብህ አንተ ነህ። አዲሱ ቀጠሮ ሊደርስ ዋዜማው ማታ ስለ መንገድ ደውለህ አንድ ነገር ስትነግራቸው ከሁሉ በፊት እንዲህ ብለው እንዲጠይቁህ አስለምዳቸው፦ «አየህ ነው ወይስ አሉ?»